የሆላንድ ፖርትሬት (የሰው መልክ ሥዕል) በ17ኛው መቶ ዘመን፦ ጥቁር ልብስና ነጭ ዳንቴል

በ17ኛው መቶ ዘመን ሆላንድ ውስጥ ሥዕል የሚያሠራው ንጉሥ ወይም ቤተ ክርስቲያን ብቻ አልነበረም። የካልቪን ተከታዮች የሆኑት ፕሮቴስታንቶች እንዲያውም ቤተ ክርስቲያኖቻቸውን ከሥዕል ባዶ አድርገዋል። ገንዘቡ ያለው ነጋዴው እጅ ነው። የእህል ነጋዴው፣ ቢራ ጠማቂው፣ ሐኪሙ፣ ሰባኪው ሳይቀር ሠዓሊ ዘንድ ሄዶ መልኩን ያሠራል። ከዚያ ዘመን ይህን ያህል ብዙ ፊት የቀረልን ለዚህ ነው።

ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ የሚሣሉት ለየብቻ ነው። ሥዕሎቹ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ባል በሚስቱ ቀኝ ይውላል፤ ቀኝ የክብር ቦታ ነውና። በሆላንድ ከተማ በሃርለም የሚሠራው ሠዓሊ ፍራንስ ሃልስ ግን በ1622 ገደማ ነጋዴውን ይስሐቅ ማሳንና ባለቤቱን ቤያትሪክስን አንድ ሸራ ላይ አስቀመጣቸው። ዛፍ ሥር ዘና ብለው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ፈገግ ብለዋል። እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለች፤ ጣቷ ላይ ቀለበት ይታያል። በእሱ በኩል እሾሃማ ተክል በቅሏል። የሆላንድ ሰዎች ይህን ተክል «የወንድ ታማኝነት» ይሉታል። በእሷ በኩል ደግሞ ሐረግ አለ፤ ያገኘውን አጥብቆ የሚይዝ ተክል ነው። ለዘመኑ ሰው ይህ እንቆቅልሽ አልነበረም፤ አይቶ ወዲያው ይገባዋል።

ለንደን ውስጥ ዋላስ ስብስብ በሚባለው ሙዚየም የሚገኘው የሃልስ «የሚስቀው ፈረሰኛ» ሌላው ምሳሌ ነው። በ1624 የተሣለ ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ሥዕሉ ላይ የተጻፈው ዕድሜው 26 መሆኑና ዓመቱ ብቻ ነው። ስሙም ኋላ በ19ኛው መቶ ዘመን የወጣለት ነው፤ ሰውየው እንደ እውነቱ አይስቅም። ሪዙ ሽቅብ ስለተጠቀለለ ነው የሚስቅ የሚመስለው። እጅጌውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጥልፉ ላይ ንቦች፣ ፍላጻዎች፣ ነበልባልና የፍቅር ቋጠሮ አሉ። የፍቅር ጣዕምና ሕመም ምልክቶች ናቸው። ከቅርብ ሲታይ ግን ጥልፉ ፈጠን ፈጠን ብሎ ያረፈ የብሩሽ ምት ነው። ራቅ ሲሉ ክር ይሆናል። ለእኔ ምልክቱን ሕያው ያደረገው ይህ የእጅ ሥራ ነው። በደካማ እጅ ቢሣል ኖሮ ንቡን ማንም ባላየው ነበር።

ጥቁሩ ልብስ ራሱ ይናገራል። ጨዋነትን ያሳያል፤ ሀብትንም ያሳያል። ጨርቅን ድቅድቅ ጥቁር አድርጎ መንከር ውድ ሥራ ነበርና። ሠዓሊው በአብዛኛው ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራ ጥቁር ይጠቀማል። ሃልስ ጥቁሩን በግራጫ እየከፋፈለ ሐሩን ከሱፉ ይለያል።

ነጩ ቀለም የሚሠራው በአስገራሚ መንገድ ነው። የእርሳስ ብረት ከኮምጣጤ ጋር ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በፈረስ ፋንድያ ተሸፍኖ ለሳምንታት ይቆያል። የፋንድያው ሙቀትና ጋዝ ብረቱን ነጭ ቅርፊት ያስይዘዋል። ያ ተፈጭቶ ከተልባ ዘይት ጋር ይለወሳል። ያን ሁሉ የከበረ ዳንቴል የወለደው ፋንድያ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከፈዘዘ መነሻ ነው። ሠዓሊው ብርሃኑንና ጥላውን በጥቂት ደብዛዛ ቀለም ያስቀምጣል። ይህን «የሞተ ቀለም» ይሉታል። ሕይወቱ ኋላ ይመጣል። ሌላው የሆላንድ ሠዓሊ ሬምብራንት በአንዳንድ ሥዕሎቹ ዳንቴሉን ክር በክር አይሥልም፤ ነጩን ቀብቶ ቀዳዳዎቹን በጥቁር ይነካል። በ1628 ገደማ ራሱን በሣለበት ትንሽ ሥዕል ደግሞ ብሩሹን ገልብጦ በእንጨቱ ጫፍ እርጥቡን ቀለም ጫረው፤ የተጫረው መስመር የተንጨባረረ ፀጉር ሆነ።

ሴት ሠዓሊዋ ዩዲት ላይስተርም መጠቀስ አለባት። በ1633 የሃርለም ሠዓሊያን ማኅበር አባል ሆናለች። ሥራዋ ላይ ከፊርማዋ ጋር ኮከብ ታደርግ ነበር፤ ስሟ መሪ ኮከብ ማለት ነው። ሆኖም ሥዕሎቿ እስከ 1893 ድረስ የሃልስ እየተባሉ ቆዩ። ፊርማዋ እዚያው ሸራው ላይ እያለ! ያሳዝናል።

ሃልስ በ1664፣ ዕድሜው ከ80 ካለፈ በኋላ፣ የሃርለም አረጋውያን መጦሪያን የሚመሩትን ሴቶች ሣለ። በዚህ ጊዜ የተጠለፈ እጅጌ የለም። ጥቁር ልብስ፣ ነጭ የአንገት ልብስና የደከሙ እጆች ብቻ። እጆቹ የተሠሩት በጥቂት ሰፋፊ ምቶች ነው። መጦሪያው ዛሬ የፍራንስ ሃልስ ሙዚየም ሆኗል፤ ሥዕሉም የተሠራለት ቤት ውስጥ ይታያል።