ተልባ «አንጀት ያጥባል»? ስለ አሰርና ሆድ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ስለ ሆድ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«የማይፈጭ ነገር ገብቶ ከመውጣት በቀር ምን ይጠቅማል?»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። አሰር (ፋይበር) የምንላቸው የገብስና የአጃ ቤታ ግሉካን፣ የተልባና የአብሽ ዝልግልግ ሁሉም ፖሊሳካራይድ ናቸው፤ ብዙ የስኳር ቅንጣቶች ተቀጣጥለው የሠሯቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች። የእኛ ኢንዛይም ስታርችን ይበጥሳል፣ እነዚህን ግን አይችላቸውም። ስለዚህ ትንሹን አንጀት አልፈው ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ። እዚያ ባክቴሪያዎች ሊጥ እንደሚቦካ ያቦኳቸዋል፤ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አጫጭር የስብ አሲዶችም ይገኛሉ። ቡቲሬት የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ቀለብ ነው። አሰር ሲጠፋስ? በአይጦች ላይ እንደታየው ባክቴሪያዎቹ አንጀትን የሚሸፍነውን ንፍጥ ራሱን መብላት ይጀምራሉ።

«ተልባ አንጀት ያጥባል።»

አንጀት የሚታጠብ ዕቃ አይደለም፤ የውስጥ ሽፋኑን በጥቂት ቀናት ራሱ ያድሳል። የተልባ ሥራ ሌላ ነው። ማታ የዘፈዘፋችሁትን ጠዋት በማንኪያ አንሱት፤ እንደ ክር እየተሳበ ይወርዳል። ያ ዝልግልግ ውሃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል። ደረቅ የተልባ ዱቄት በጥቂት ውሃ መዋጥ ግን አደጋ አለው፤ አንጀት ውስጥ አብጦ ሊዘጋ ይችላል።

«ቦሎቄ ሆዴን ነፋኝ፣ አልተስማማኝም።»

ብዙ ጊዜ የሚነፋው ባክቴሪያው ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። በትንሹ ጀምሩ፣ በሳምንታት ጨምሩ፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉት። ደም ካያችሁ ወይም ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

«ዓሣ ስበላ ሁሉን አገኛለሁ።»

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የአሞራ ገደል ዓሣ ግሩም ፕሮቲን ነው፤ አሰር ግን የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይላል። ከዓሣው ጋር ጎመን ይጨመር። ቆጮም ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ከዓሣው ጋር ሲበላ ይሟላል።

«አብሹ ስኳሬን አወረደልኝ፣ ኪኒኑን ልተወው?»

አንዲት እናት ጠየቁኝ። አብሹን በውሃ ዘፍዝፈው፣ መራራውን ውሃ ደፍተው፣ አረፋ እስኪሠራ ይመቱታል። ያ የሚወፍረው ነገር ጋላክቶማናን የሚባለው የአብሹ አሰር ነው፤ አንጀት ውስጥ ምግቡን አወፍሮ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ የተሰማቸው ለውጥ እውነት ሊሆን ይችላል። «እማማ፣ ኪኒኑን እንዳይተዉ» አልኳቸው። አብሽ ከኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ ከሚባለው የስኳር ኪኒን ጋር ሲደራረብ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል፤ መጠኑን የሚቀንሰው ልኬቱን ያየ ሐኪም ነው። የሳምንት ልኬታቸውን በወረቀት ጽፈው ወደ ሐኪማቸው እንዲሄዱ ተስማማን።