በኤሌክትሪክ ማሰልጠኛ አውሮፕላን «መጠባበቂያ» ምንድን ነው?

«ቬሊስ ኤሌክትሮ 50 ደቂቃ ይበራል፤ መጠባበቂያው ሲጨመርበት ለአንድ ትምህርት ከበቂ በላይ ነው።» ስለ ኤሌክትሪክ ማሰልጠኛ አውሮፕላኑ ቬሊስ የተጻፈውን ይህን አባባል ደጋግሜ አነበብኩት። የጻፈው ሰው መጠባበቂያን እንደ ትርፍ ቆጥሮታል። መጠባበቂያ ግን ገና ከመነሳት በፊት እንደሌለ የሚታሰብ ኃይል ነው።

መርካቶ የሚወርድ ሰው የመመለሻውን የታክሲ ብር አጥፎ ሌላ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ዋጋ ሲከራከር ያንን ብር አይቆጥረውም። ሺህ ብር ለያዘ ሰው 50 ብር አይከብደውም፤ መቶ ብር ለያዘ ግን ግማሹ ሄደ። ታክሲው ኪሱን አይቶ አይቀንስለትም።

የበረራ ሕጉም መጠባበቂያን የሚለካው በደቂቃ ነው። ቀን፣ በዓይን እያዩ ለሚበሩት የተለመደው 30 ደቂቃ ነው። ታንኩ ሞልቶ 4 ሰዓት ለሚበር የቤንዚን አውሮፕላን፣ ለሴስና 172፣ ይህ አንድ ስምንተኛ ነው። 20 ኪሎዋት ሰዓት የያዘ ባትሪ አግድም ሲበር 20 ኪሎዋት ይጠይቃል እንበል፤ 30 ደቂቃው ግማሹን ወሰደ፣ ወደ ላይ ለመውጣት የሚፈጀውን ገና ሳንነካ። ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ ኪሱ ራሱ ይጠባል፣ የታክሲው ዋጋ ግን ያው ነው።

በአውሮፓ ከተነሳበት ለሚያርፍና ከአየር ማረፊያው እይታ ለማይርቅ የቀን በረራ 10 ደቂቃ ይፈቀዳል። በ2020 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ የዓይነት ሰርተፊኬት (ንድፉ ለበረራ ብቁ ነው የሚል ማረጋገጫ) በማግኘት ከሙሉ ኤሌክትሪክ አውሮፕላኖች የመጀመሪያ የሆነው የስሎቬኒያው ቬሊስ ቦታው እዚህ ነው፤ መነሳት፣ መዞር፣ ማረፍ፣ እንደገና መነሳት። ለዚህ ሥራ ከልቤ እደግፈዋለሁ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ በማረፊያው ዙሪያ የሚኖረውን ሰው አያውክም።

«ሜዳው ከሥሩ እያለ መጠባበቂያ ምን ያደርጋል?» የሚልም አለ። ሰልጣኙ ሊያርፍ ተቃርቧል፤ ከሱ ፊት ያረፈው አውሮፕላን ማኮብኮቢያውን አልለቀቀም። አስተማሪው «ጎ አራውንድ!» ይላል፣ ማረፉን ትተህ እንደገና ውጣ ማለቱ ነው፤ የኃይል መቆጣጠሪያው እስከ መጨረሻው ይገፋል። ሙሉ ኃይል የሚፈለገው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ቻርጁ ዝቅ ያለ ባትሪ ደግሞ ቮልቴጁ ስለሚወርድ ያንን ኃይል ለመስጠት ይቸገራል። በመለኪያው ላይ የሚታየው መቶኛ ምን ያህል እንደቀረ እንጂ ምን ያህል ባንዴ መስጠት እንደሚችል አይነግርም።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። እንደ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ የቤንዚን ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ይደክማል፣ የኤሌክትሪኩ አይደክምም። ይህ እውነተኛ ብልጫ ነው። ክንፉና ፕሮፔለሩ ግን በሁለቱም ላይ ያንኑ ስስ አየር ነው የሚይዙት፤ መንደርደሪያው ይረዝማል።

በአውሮፓ የግል አብራሪነት ፈቃድ የሚፈልግ ሰልጣኝ ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን አንድ ጉዞ፣ ሁለት ሌሎች ማረፊያዎች ላይ እያረፈ፣ ብቻውን መብረር አለበት። ከተነሳበት ማረፊያ እይታ ስለሚርቅ 10 ደቂቃው አይበቃውም፤ ለዚያ ቀን አሁንም የሚሰጠው የቤንዚኑ አውሮፕላን ነው።