የሚጮህ ፓወር ሰፕላይን ጸጥ ባለ መተካት

ኮምፒውተር፣ ሰርቨር (ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያገለግል ኮምፒውተር)፣ የኔትወርክ ስዊች (ዕቃዎችን በገመድ የሚያገናኝ)፣ ሁሉም ከሶኬት የሚመጣውን ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር) ኤሌክትሪክ ወደ ዝቅተኛ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ) የሚቀይር ክፍል አላቸው። እሱም ፓወር ሰፕላይ ይባላል። ብዙ ጊዜ የዕቃው ጩኸት የሚወጣው ከዚሁ ክፍል ነው። ለሰርቨር ክፍል የተሠራ ዕቃ መኖሪያ ቤት ሲገባ ደግሞ ፉጨቱ እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ የውስጡን አውጥቶ ጸጥ ያለ መግጠም በኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች ዘንድ የተለመደ ሥራ ሆኗል።

የሚጮኸው በአብዛኛው ፋኑ ነው። በሰርቨር መደርደሪያ ላይ የአንዱ እርከን ከፍታ 44.45 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ቀጭን ዕቃ ውስጥ የሚገባው ፋን 40 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ፋን በቂ አየር ለመግፋት እጅግ መፍጠን አለበት። በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ የሚሽከረከሩ አሉ። ድምፁም ቀጭንና ጆሮ የሚበሳ ነው። ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ያንኑ አየር በዝግታ ይገፋል። የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ በጣም ትልቅ ልዩነት ነው።

ፋኑን ነቅሎ መተውስ? በፍጹም አይመከርም። ዕቃው 100 ዋት ቢፈልግና የፓወር ሰፕላዩ ብቃት 80 በመቶ ቢሆን፣ ከሶኬት የሚሳበው 125 ዋት ነው። 25ቱ ዋት ሙቀት ሆኖ እዚያው ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር (ውስጡ ያለ ቻርጅ የሚያከማች አካል) ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ብቃቱ 90 በመቶ ሲሆን ግን የሚባክነው 11 ዋት ገደማ ነው። በእኔ እምነት የጸጥታው ቁልፍ ይህ ነው። መጀመሪያ ሙቀቱን መቀነስ ወይም ከሳጥኑ ማስወጣት፣ ከዚያ ስለ ፋን ማሰብ። በ2004 የተጀመረው 80 ፕላስ የተባለው የብቃት ምልክትም ሲመርጡ ይረዳል።

አማራጮቹ ብዙ ናቸው። ቦታ ካለ ትልቅ ፋን ያለው ወይም ጭራሽ ፋን የሌለው ፓወር ሰፕላይ መግጠም ይቻላል። እኔ የምወደው ግን የውጭ አዳፕተር ነው፣ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ያለው። ሙቀቱ ከሳጥኑ ውጭ ይቀራል፣ አደገኛው ቮልቴጅም አብሮ ይወጣል። ለ12 ቮልት ብቻ ለተሠራ ስዊች ይህ ቀላል ነው። 12 ቮልት 5 አምፔር አዳፕተር 60 ዋት ይሰጣል። ኮምፒውተር ከሆነ ግን 5 እና 3.3 ቮልትም ስለሚፈልግ፣ ከ12 ቮልት እነሱን የምታወጣ ትንሽ ቦርድ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) ላይ ትሰካለች። በኔትወርክ ገመድ ለካሜራ ኃይል የሚያቀብል ስዊች ደግሞ 50 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ፣ አንድ ተራ አዳፕተር አይበቃውም።

ቮልቱ በትክክል መግጠም አለበት። አምፔሩ ግን ቢበልጥ አይጎዳም፤ ዕቃው የሚስበው የሚፈልገውን ያህል ነው። አምፔሩ ካነሰ ግን ችግር ነው፣ በተለይ ዕቃው ሲነሳ። ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ወደ 2 አምፔር ሊስብ ይችላል። አራት ዲስክ አንድ ላይ ሲነሱ አስቡት። የገመዱ መሰኪያ ስለገባ ብቻም አይታመንም። መልኩ አንድ ሆኖ የሽቦው አቀማመጥ የሚለያይ አለ። ከመሰካት በፊት እያንዳንዱን ሽቦ በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) መለካት ግድ ነው።

አንዳንድ ዕቃ ፋኑ መዞሩን በሦስተኛ ሽቦ ይከታተላል። ፋኑ ሲጠፋ ወይ አላርም ያሰማል፣ ወይ አልነሳም ይላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፋኑን ጨርሶ ከማጥፋት ቀስ ብሎ የሚዞር ፋን መግጠም ይሻላል።

አደጋውን አቅልሎ ማየት አይገባም። 230 ቮልት ኤሲ ወደ ዲሲ ሲቀየር ውስጥ ያለው ካፓሲተር ከ320 ቮልት በላይ ይይዛል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጁ ሊቆይ ይችላል። ልምድ የሌለው ሰው የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ሳጥን አይክፈት፤ እንዳለ አውጥቶ በሌላ ይተካ። አዲሱ በሶኬት ኤሌክትሪክ የሚሠራና ዕቃው ውስጥ የሚገጠም ከሆነ፣ የኧርዝ ሽቦው ከብረት አካሉ ጋር በደንብ መታሰር አለበት።

ከተገጠመ በኋላ ዕቃውን በሙሉ ጭነት ለሰዓታት አሠርቶ ቮልቱን መለካት ያስፈልጋል። በኮምፒውተር 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። ቺፖቹም ምን ያህል እንደሚሞቁ ይታይ፤ የድሮው ፋን የሌላውንም ክፍል አየር ሲስብ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ፋኑ ሁሉ ጠፍቶም ቀጭን የፉጨት ድምፅ ከቀረ፣ የሚንቀጠቀጠው ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ) ነው። ያኔ የሚያዋጣው ሌላ ሞዴል ፓወር ሰፕላይ መሞከር ነው።