የድሮ ጌም በአዲስ ማሽን፦ ባክዋርድ ኮምፓቲቢሊቲ እና የድሬዳዋ ጌም ቤቶች

ባክዋርድ ኮምፓቲቢሊቲ የሚባለው አዲስ የወጣ ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ማሽን) ለቀደመው ኮንሶል የተሠሩ ጌሞችን ማጫወት መቻሉ ነው። ቤቱ ለሚጫወት ሰው ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። ድሬዳዋ ላይ ጌም ቤት ለከፈተ ሰው ግን የሥራው ዋና ሂሳብ ነው። ማሽኑ ሲቀየር ሲዲው፣ ጆይስቲኩና ደንበኛው የለመደው ጨዋታ አብረው ይሻገራሉ ወይስ ይቀራሉ? በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ብዙም ስለማይገኝ ዋና ዋናው እዚህ ቀርቧል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አታሪ 7800 በ1986 ለገበያ ሲቀርብ የአታሪ 2600ን ካርትሪጅ (ጌሙ ያለበትን ካሴት) ያጫውት ነበር። በእኛ ከተማ ግን ወሬው የሚጀምረው ከሶኒው ፕሌይስቴሽን፣ ባጭሩ ከፒኤስ ነው።

ድሬ እና ጌም ቤቶቿ

ድሬዳዋ በ1902 ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚያ ወዲህ የውጭ ዕቃ ለድሬ ልጅ ብርቅ ሆኖበት አያውቅም። ኤሌክትሮኒክስ የፈለገ ሰው ታይዋን ወደሚባለው የከተማዋ ገበያ ይሄዳል። ጌም ኮንሶልም ወደ አገር የገባው መጀመሪያ በድሬ በኩል ነው የሚሉ አሉ። አዲስ አበቤው ደግሞ በቦሌ፣ በመንገደኛ ሻንጣ ነው የገባው ብሎ ይከራከራል። 

የጌም ቤት አሠራር ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ለገሃሬ ብዙም አይለያይም። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበርና ሳያቋርጥ የሚዞር ቬንትሌተር። ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፤ ብዙ ጊዜ የተሸነፈ ይከፍላል። ሌላ ጌም ቢኖርም ገንዘብ የሚያመጣው የኳስ ጌም ነው። ስለዚህ ባለቤቱ አዲስ ማሽን ሲገዛ የሚጠይቀው ስለ ግራፊክስ አይደለም። ያለኝ ኳስ ይሠራበታል ወይ ነው።

ከፒኤስ 2 እስከ ፒኤስ 3

ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 ጃፓን ውስጥ ወጣ። በዓለም ዙሪያ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የፒኤስ 1ን ሲዲ የሚያጫውተው በቀላል ዘዴ ነው፤ የፒኤስ 1 ፕሮሰሰር ውስጡ ተቀምጦ ነበር። የፒኤስ 2 ጌም በሚሠራበት ጊዜ ይኸው ፕሮሰሰር ጆይስቲክንና ሜሞሪ ካርድን ያስተናግዳል። የድሮ ሲዲ ሲገባ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ብልህ አሠራር ነው፤ ምንም አይባክንም። አንድ ገደብ ነበረው። የፒኤስ 1 ጌም ሴቭ የሚደረገው በፒኤስ 1 ሜሞሪ ካርድ ብቻ ነው። ሊግ ጀምሮ ካርዱን የጣለ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

የዚያ ዘመን ሌላው ጣጣ ሪጅን ነበር። የጃፓን፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ማሽኖች አንዱ የሌላውን ሲዲ አይከፍቱም። ዕቃ ከየአቅጣጫው በሚገባባት ከተማ ይህ ቀላል ችግር አይደለም። መፍትሔው ቺፕ ማስደረግ ነበር። ቺፑ የሌላ ሪጅን ሲዲም ኮፒ ሲዲም ያስከፍታል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ፒኤስ 2 ደግሞ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው። ትራንስፎርመር ሳያደርግ ቀጥታ የእኛ 220 ላይ የሰካው ሰው ሁለተኛ አይደግመውም።

በየዓመቱ ከሚወጣው ፊፋ ከሚባለው የኳስ ጌም፣ ፊፋ 14 ለፒኤስ 2 የወጣ የመጨረሻው ነው። ጊዜው 2013 ነበር፤ ማሽኑ ከተወለደ 13 ዓመት ሞልቶታል። ያረጀ ማሽን በሰፈር ጌም ቤት ለምን ያን ያህል እንደቆየ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኳሱ እስከመጣለት ድረስ ማን ይጥለዋል?

ፒኤስ 3 በ2006 መጨረሻ በጃፓንና በአሜሪካ ሲወጣ ያንኑ ዘዴ ደገመ። የፒኤስ 2 ዋና ቺፖች፣ ኢሞሽን ኢንጂን እና ግራፊክስ ሲንተሳይዘር የሚባሉት፣ ውስጡ ነበሩ። የ60 ጊጋባይቱ ዋጋ በአሜሪካ 599 ዶላር ነበር። ውድ ነው ተባለ። ሶኒም መቀነስ ጀመረ። በመጋቢት 2007 አውሮፓ የገባው ሞዴል ኢሞሽን ኢንጂን የለውም፤ ግማሹን ሥራ ሶፍትዌር ነው የሚሸፍነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጣው ባለ 40 ጊጋባይት የፒኤስ 2ን ጌም ጨርሶ ተወው። የፒኤስ 1 ሲዲ ግን በሁሉም ፒኤስ 3 ይሠራል።

ከውጭ ሲታዩ ማሽኖቹ መንትያ ናቸው። መለያው ከፊት ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው። አራት ከሆነ የፒኤስ 2 ጌም ሙሉ በሙሉም ባይሆን ይሠራል። ሁለት ከሆነ አይሠራም። አቦ፣ ይህችን ብቻ ያወቀ ስንት ብር ያተርፋል!

ባለ አራት ቀዳዳው ግን የራሱ ችግር አለው። የመጀመሪያዎቹ ፒኤስ 3ዎች ይግላሉ። ቢጫ መብራት አብርቶ መሞት የሚታወቁበት በሽታ ነው። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ ስታልፍ ደግሞ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለተደረደረ ማሽን አትራራም። የድሮ ጌም የሚያጫውተው ሞዴልና ሙቀት የማይችለው ሞዴል አንድ መሆናቸው የእኛ ከተማ ዕድል ነው።

ፒኤስ 4

በ2013 የወጣው ፒኤስ 4 ኮምፒውተር ላይ ወደሚገኘው የፕሮሰሰር ዓይነት ዞረ። ሴል ከሚባለው የፒኤስ 3 ፕሮሰሰር ጋር ስለማይገናኝ የፒኤስ 1ንም፣ የ2ንም፣ የ3ንም ሲዲ አያጫውትም።

ፒኤስ 5 እና 99 በመቶው

ፒኤስ 5 በኅዳር 2020 ወጣ። ሶኒ ከ4,000 በላይ ከሆኑት የፒኤስ 4 ጌሞች ከ99 በመቶ የሚበልጡት ይሠሩበታል አለ። እውነት ነው። የማይሠሩት ተብለው የተዘረዘሩት አሥር ገደማ ናቸው፤ ኳስ የለባቸውም። ዘዴው ግን ከፒኤስ 2 ይለያል። የድሮው ቺፕ አልተጨመረም። ፕሮሰሰሩ የዚያው ቤተሰብ ስለሆነ፣ የፒኤስ 4 ጌም ሲከፈት ማሽኑ ራሱን እንደ ፒኤስ 4 ወይም እንደ ፒኤስ 4 ፕሮ (ጉልበት የተጨመረለት ፒኤስ 4) አድርጎ ይሠራል። አንዳንዱ ጌም እንዲያውም ፈጠን ይላል።

99 በመቶው የሚሠራው ግን ሲዲ ለገዛ ወይም በስሙ ካወረደ ሰው ነው። እዚህ ብዙ ፒኤስ 4 የሚሸጠው ጄልብሬክ ተደርጎ (የሶኒ መቆለፊያ ተሰብሮ)፣ ጌም ሃርድ ዲስኩ ላይ ተጭኖ ነው። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ (የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት) የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ሰዉ አካውንት የሚከፍተው በሌላ አገር ስም ነው፤ በሕጋዊ መንገድ መግዛትም ካርድ ይጠይቃል። እና ያ የተጫነ ጌም ወደ ፒኤስ 5 አይሻገርም። ማሽኑ ላይሰንስ ይጠይቃል፤ ከሌለ አይከፍትም። ሠላሳ ጌም የነበረው ጌም ቤት ፒኤስ 5 ሲገዛ ባዶ እጁን ነው የሚጀምረው። ለእሱ ባክዋርድ ኮምፓቲቢሊቲ ዜሮ በመቶ ነው። የኩባንያው ቁጥር አልዋሸም፤ ጌም ቤቱን አስቦ ግን አልተቆጠረም።

ኦሪጅናል ሲዲ ያለው ሰው ደህና ይጠቀማል። የፒኤስ 4 ጌም በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ሆኖ ይሠራል፤ የፒኤስ 5 ጌም ግን በውስጡ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ላይ መሆን አለበት። የፒኤስ 4 ጆይስቲክም ፒኤስ 5 ላይ ይሠራል፣ ለፒኤስ 4 ጌም ብቻ። በቀን ስንት እጅ የሚያልፍበት ጆይስቲክ ቶሎ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ባለቤት የኳሱን የፒኤስ 4 ቅጂ ፒኤስ 5 ላይ ቢከፍት የድሮዎቹን መጠቀም ይችላል። አዲሱን ጆይስቲክ ለፒኤስ 5 ጌም ያቆየዋል።

ፒኤስ 4 ራሱም ገና አልሞተም። ፊፋ በ2023 ስሙን ወደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ከቀየረ በኋላም ኤፍሲ 24፣ 25 እና 26 ለፒኤስ 4 ወጥተዋል። ፒኤስ 3 በፊፋ 19 ነው የቆመው።

ሌሎቹ

በዚህ ጉዳይ የሚመሰገነው ኤክስቦክስ ነው። ማይክሮሶፍት በ2015 የኤክስቦክስ 360 ጌሞችን በኤክስቦክስ ዋን ላይ ማስኬድ ጀመረ፤ በ2017 የመጀመሪያውን ኤክስቦክስ ጨመረ። በ2021 ሌላ 76 ጌም አክሎ ዝርዝሩን ዘጋ። ከዋን ቀጥሎ የመጣው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ እነዚህን ያጫውታል። ጌም ቤት ውስጥ ግን ቦታው የፕሌይስቴሽን ነው። ኒንቴንዶ በ2025 ያወጣው ስዊች 2 አብዛኞቹን የስዊች 1 ጌሞች ይወስዳል።

ሲገዛ

የድሮ ሲዲ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው ሲዲ ማስገቢያውን ነው። ዲጂታል የሚባለው ፒኤስ 5 የለውም። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም የለውም። በ2024 የወጣው ፒኤስ 5 ፕሮ፣ ውድነቱ ሳያንስ፣ ማስገቢያው ለብቻ ነው የሚገዛው። በ2023 መጨረሻ የመጣው ቀጭኑ ፒኤስ 5 ማስገቢያው ይነቀላል፤ አዲስ ሲገጠምለት አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ ማስገቢያውን ለብቻ የሚገዛ ሰው ዋይፋይ ያለበት ቦታ አስገጥሞ፣ የፒኤስ 4 ሲዲ አስገብቶና አይቶ ነው ብሩን የሚቆጥረው።