ቁጥር ተኮር ነጋዴነት በክሪፕቶ ገበያ

ቁጥር ተኮር ነጋዴ፣ በሙያው መጠሪያ «ኳንት»፣ የመግዛትና የመሸጥ ውሳኔውን በሒሳባዊ ሞዴል ላይ መሥርቶ አፈጻጸሙን ለኮምፒውተር ፕሮግራም የሚተው ባለሙያ ነው። ሙያው በአክሲዮንና በውጭ ምንዛሪ ገበያዎች ለአሥርት ዓመታት የቆየ ሲሆን፣ ወደ ክሪፕቶከረንሲ የገባው የቢትኮይን መረብ እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ሥራ ከጀመረ ከዓመታት በኋላ ነው። ብዙ ሰው ሥራውን እንደ ዋጋ ትንበያ ያየዋል፤ የዕለት እንጀራው ግን በአመዛኙ በአንድ ሀብት ሁለት ዋጋዎች መካከል ያለውን ጠባብ ልዩነት መልቀም ነው።

ልዩነቱ የሚፈጠረው ገበያው የተበታተነ ስለሆነ ነው። አንድ ማዕከላዊ ገበያ የለም፤ ግብይቱ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ሌት ተቀን በበርካታ የመገበያያ መድረኮች ላይ ይካሄዳል። በደቡብ ኮሪያ የቢትኮይን ዋጋ ከሌላው ዓለም በጉልህ በልጦ የታየባቸውና «የኪምቺ ፕሪሚየም» የሚል ስም ያተረፉ ወቅቶች ነበሩ፤ ልዩነቱን ሁሉም ቢያየውም የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር ገንዘብ ማመላለሱን ስለሚያከብደው ቶሎ አልጠበበም።

ከስልቶቹ ሁሉ የሙያውን ጠባይ በደንብ የሚያሳየው ከፐርፔቹዋል ውል፣ ማለትም ሳንቲሙን ራሱን ሳይይዙ በዋጋው መውጣትና መውረድ ከሚነግዱበት ውል፣ ጋር የተያያዘው ነው። ቢትሜክስ የተባለው መድረክ እ.ኤ.አ. በ2016 ያስተዋወቀው ይህ ውል የማብቂያ ቀን የለውም፤ ዋጋው ከቀጥታ ገበያው፣ ማለትም ሳንቲሙ ራሱ ከሚሸጥበት ገበያ፣ እንዳይርቅ የሚጠበቀው ከውሉ ገዢና ሻጭ አንዱ ለሌላው በሚከፍለው፣ በብዙ መድረኮች በየ8 ሰዓቱ በሚታሰብ «ፈንዲንግ» ነው። የውሉ ዋጋ ሲበልጥ ገዢዎች ለሻጮች ይከፍላሉ። ስለዚህ ነጋዴው 1 ቢትኮይን በቀጥታ ገበያ ገዝቶ በዚያው ቅጽበት ተመጣጣኙን በፐርፔቹዋል ይሸጣል፤ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም አንዱ ወገን የሌላውን ኪሳራ ይሸፍናል፣ ለእሱም ፈንዲንጉ ይቀርለታል። ክፍያው በየ8 ሰዓቱ 0.01 በመቶ ሆኖ ቢዘልቅ በዓመት ወደ 11 በመቶ ይጠጋል። ነገር ግን ሁለቱን ወገኖች ለመክፈትና ለመዝጋት አራት ግብይት ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ 0.05 በመቶ ኮሚሽን ቢከፈል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ገቢ ከሞላ ጎደል ለኮሚሽን ይውላል። ከዚህም የሚከፋ አለ፦ ግዢው በአንድ መድረክ፣ ሽያጩ በሌላ መድረክ ከሆነ፣ ዋጋው በድንገት ሲያሻቅብ የሽያጩ ማስያዣ ተሟጦ ውሉ በግድ ይዘጋል፤ ኪሳራውን የሚያካክሰው ትርፍ ግን በወቅቱ ሊዛወር በማይችልበት በሌላኛው መድረክ ተቀምጧል።

ከስልቱ ይልቅ ጊዜ የሚፈጀው መረጃን መንከባከብ ነው። መድረኮች የትዕዛዝ መዝገባቸውን፣ ማለትም ገና ያልተፈጸሙ የመግዣና የመሸጫ ትዕዛዞችን ዝርዝር፣ ለውጥ ተራ ቁጥር እየሰጡ በተከታታይ ይልካሉ፤ ከ4,101 በኋላ 4,103 ከመጣ አንድ መልእክት ጠፍቷል ማለት ነው፣ ፕሮግራሙም ግብይቱን አቁሞ መዝገቡን እንደ አዲስ ማውረድ አለበት። ይህን ያልፈተሸ ፕሮግራም በሌለ ዋጋ ይነግዳል። ያለፈውን ዘመን መረጃ ይዞ ስልት መፈተሽም የራሱ ወጥመድ አለው፤ ከገበያ የተሰረዙ ሳንቲሞችን ያልያዘ መረጃ ማንኛውንም ስልት ብልህ ያስመስለዋል።

እንደ እኔ ግምት ግን ይህን ገበያ ከነባሮቹ የሚለየው ትልቁ ጉዳይ ገንዘቡ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። በአክሲዮን ገበያ ደላላው፣ አስቀማጩና ሒሳብ አወራራጁ በአብዛኛው የተለያዩ ተቋማት ሲሆኑ፣ በክሪፕቶ ግን ሦስቱንም አንድ መድረክ ጠቅልሎ ይይዛል። በቶኪዮ የነበረው ማውንት ጎክስ የተባለው መድረክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014፣ ሌላው መድረክ ኤፍቲኤክስ ደግሞ በኅዳር 2022 ሲወድቁ፣ የነጋዴው ሞዴል ትክክል መሆኑ ደንበኛነቱ ካመጣበት ጣጣ አላዳነውም። ኤፍቲኤክስ የደንበኞቹን ገንዘብ ያሸጋገረለት አላሜዳ ሪሰርችም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 የተቋቋመ የቁጥር ተኮር ንግድ ድርጅት ነበር፤ የሁለቱም መሥራች ሳም ባንክማን ፍሪድ በመጋቢት 2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድርጅቶች ገንዘባቸውን በተለያዩ መድረኮች ከፋፍለው ያስቀምጣሉ፤ ዋናውን ሀብት በሦስተኛ ወገን አስቀማጭ ዘንድ ትተው በመድረኩ ላይ በማስያዣነት ብቻ የሚያሳዩም አሉ።