የአመሻሹ ሲካዳ ምንድን ነው?

በምሥራቅ አሜሪካ ኦክ የሚባለው ዛፍ የበዛበት አሸዋማ ጫካ አጠገብ በበጋ ምሽት የቆመ ሰው ጀንበር ስትጠልቅ ከዛፍ አናት የሚወርድ ሻካራ ጩኸት ሊሰማ ይችላል። ጩኸቱ የአመሻሹ ሲካዳ፣ በሳይንሳዊ ስሙ የሜጋቲቢሰን ኦሌቴስ ነው። ሲካዳ ከሚባሉት ጯሂ ነፍሳት መካከል በሰሜን አሜሪካ በግዝፈቱ የሚታወቅ ሲሆን፣ አንዳንድ አዳዲስ ዝርዝሮች ግሮሰስ በሚለው ስም ይመዘግቡታል። ክንፉ ታጥፎ ከራስ እስከ ክንፍ ጫፍ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ክንፎቹ ሲዘረጉ ደግሞ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልፋሉ።

ብዙ አሜሪካውያን ሲካዳን አንበጣ ይሉታል። አንበጣ አይደለም፤ ቅጠል አያኝክም፣ የዛፍ ፈሳሽ በመርፌ መሰል አፉ ይመጥጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የኖሩ ወገኖች የሚያስታውሱት የ17 ዓመቱ ሲካዳ ደግሞ ሌላ ዝርያ ነው። እሱ ጥቁር ገላና ቀይ ዓይን አለው፣ የክንፉ ጅማቶች ብርቱካናማ ናቸው፣ ቁመቱም በጣም ያንሳል። በሜይና በጁን በጠራራ ፀሐይ ይጮኻል። የአመሻሹ ግን በየዓመቱ ከበጋው አጋማሽ ጀምሮ ይወጣል።

ለመለየት ከመልኩ ይልቅ ከሰዓቱ መጀመር ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ እንደ መጋዝ ቀጥ ብሎ የሚያፏጭ ቀጭን ድምፅ ከሰሙ የአመሻሹ አይደለም፤ ምናልባት ኒዮቲቢሰን ካኒኩላሪስ የተባለው ሌላ ሲካዳ ነው። የአመሻሹ ጩኸት ዝቅ ያለና ጎርናና ነው፤ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይወጣል፣ አንዱ ሲጀምር ሌሎቹ ይከተሉታል፣ ጨለማው ሲበረታም ያቆማሉ። ድንግዝግዙ አልፎ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀጥል ድምፅ ሲካዳ ሳይሆን ካቲዲድ የሚባለው የፌንጣ ዘመድ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ሰዓት ብቻውን አይበቃም። «መቀስ ሳዪ» (መቀስ የሚስል) የሚሉት ሲካዳ፣ ኒዮቲቢሰን ፕሩይኖሰስም አመሻሽ ላይ ይጮኻል፤ የእሱ ግን ከፍ ዝቅ እያለ ይመላለሳል፣ ስለት ድንጋይ ላይ ሲሳል የሚወጣውን ድምፅ ይመስላል። ዛፉንም ይዩ። ኦሌቴስ ኦክ ይወዳል፤ በደቡብ የሚገኘውና በመጠን የሚቀርበው ሜጋቲቢሰን ሬዞናንስ ደግሞ ፓይን ላይ ይውላል።

ነፍሳቱ እጅዎ ከገባ የጀርባውን አንገትጌ ይመልከቱ፤ ከራሱ ኋላ ያለው ሰፊ ቀበቶ ማለት ነው። ወደ ወይራ አረንጓዴ ያደላል፣ የቀረው ገላ ቡናማና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ነው። በሆዱ ላይና ከሥር ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ይህን ዱቄት አትመኑ፤ በዕድሜና በመነካካት ይጠፋል። ከሞተ ውሎ ያደረ ናሙና አረንጓዴው ደብዝዞ ቡናማ ስለሚሆን ከፎቶ ብቻ ፍርድ መስጠት ያስቸግራል። በክንፉ ጫፍ የሚታየው እንደ እንግሊዝኛው ደብልዩ የተጣመመ ጥቁር ምልክትም አይለይም፤ በብዙ ሲካዳዎች ላይ አለ። ጦርነት ሲመጣ ይታያል የሚል ተረት እንኳ ነበረ።

የሚጮኸው ወንዱ ብቻ ነው። በሆዱ መነሻ ግራና ቀኝ ያሉ ሸንተረር ያላቸው ስስ ሽፋኖች በጡንቻ እየተሳቡ ጠቅ ጠቅ ይላሉ፤ ባዶ የሆነው ሆዱ ድምፁን ያጎላዋል። ገልብጠው ሲያዩት ከእግሮቹ ኋላ ሁለት ሰፋፊ ክዳኖች ካሉ ወንድ ነው። የሴቷ ክዳኖች ትንንሽ ናቸው፣ ከሆዷ ጫፍ ደግሞ እንቁላል መጣያዋ ይታያል። ስለዚህ ዝም ያለች ሴት ብቻ ካገኙ በመልክና በዛፍ መወሰን ግድ ነው።

ድምፁን በስልክ ሲቀዱ ከዛፉ ትንሽ ራቅ ይበሉ፤ በጣም ከቀረቡ ድምፁ ይሰነጣጠቃል፣ ቁርጥራጩም ይጠፋል። ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቅዱ፤ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሙቀትና የዛፉን ዓይነት ይጻፉ፣ ሙቀት የጩኸቱን ፍጥነት ይለውጣልና። ለፎቶ ከላይ፣ ከሥርና ከፊት ሦስት ሥዕል ያንሱ፤ ለመጠንም ማስመሪያ አጠገቡ ያድርጉ። በእጅ የተያዘ ወንድ የሚያሰማው ጩኸት የድንጋጤ ድምፅ ነው፤ እሱን ቀድተው ዝርያ ለመለየት አይሞክሩ።