ሆምስኩል ምንድን ነው? ዲፕሎማውንስ ማን ይሰጣል?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰው ልጇን ራሷ ቤት ለምታስተምር አንዲት እናት «ልጅሽን ቤት ካስቀረሽው መጨረሻው ጂኢዲ፣ ማለትም ሃይስኩል ላልጨረሰ ሰው የሚሰጠው የአቻነት ፈተና፣ ነው፤ የሃይስኩል ዲፕሎማ የሚባል አያገኝም» ሲላት ሰማሁ። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ የቤት ተማሪዎችን ዓመታዊ ግምገማ የምሠራ መምህርት ነኝ። ይህን አባባል ሰምተው ልጃቸውን አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ በድንጋጤ ወደ ትምህርት ቤት የመለሱ ወላጆች ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቃሉ ራሱ ያለቦታው እየገባ ተቸግረናል። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ልጆቻችን በኮምፒውተር ሲማሩ ሁሉም ሰው «ሆምስኩል እያደረግን ነው» ይል ነበር። መምህሩም፣ መጽሐፉም፣ ውጤቱም የካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ነበር እኮ! ዛሬም በስቴቱ ቨርቹዋል ትምህርት ቤት የተመዘገበ ልጅ ከሳሎን ሆኖ ይማር እንጂ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ከሱቅ የተገዛ እንጀራ ቤት ውስጥ ስለተበላ የቤት እንጀራ አይባልም። ሆምስኩል ጤፉን መርጦ፣ አቡክቶ፣ ምጣዱን አስሶ መጋገር ነው። የተፈጨ ዱቄት ብትገዙ፣ ማለትም የተዘጋጀ ካሪኩለም ብታዝዙ ወይም ለሒሳብ አስጠኚ ብትቀጥሩ ችግር የለውም፤ እንጀራው የእናንተ ነው። ኃላፊነቱን የወሰደው፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ፣ ወላጁ ነው።

ትምህርት ቤቱ ወላጁ ከሆነ ዲፕሎማውን የሚሰጠውም ወላጁ ነው። ቨርጂኒያ ለቤት ተማሪ ዲፕሎማ አትሰጥም፤ ሜሪላንድም አትሰጥም። ሰውየው ከዚህ ተነሥቶ ይመስለኛል የተናገረው። ስቴቱ አይሰጥም ማለትና ዲፕሎማ የለም ማለት ግን ለየቅል ናቸው።

ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ያደግነው ስምንተኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ አገር አቀፍ ፈተና በሚለይበት አገር ነው። «ማን ፈተነው? ማህተሙስ የማን ነው?» ማለት ለእኛ ተፈጥሯዊ ነው። አሜሪካ ግን አገር አቀፍ የመልቀቂያ ፈተና የላትም። ጂኢዲም እሱ አይደለም። በ1942 በጦርነቱ ምክንያት ሃይስኩል ሳይጨርሱ ለቀሩ ወታደሮች የተጀመረ የአቻነት ፈተና ነው፤ ዛሬ አራት ትምህርቶችን ይይዛል። ትምህርቱን ላቋረጠ ሰው ትልቅ በር ስለሆነ አላጣጥለውም። በአግባቡ ተምሮ የጨረሰን ልጅ ግን «ሂድ ጂኢዲ ውሰድ» ማለት ያልተወውን ትምህርት ትተሃል ማለት ነው። ፋፍሳ፣ የፌዴራሉ የኮሌጅ ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ፣ ሆምስኩልን ከጂኢዲ ለይቶ በራሱ መስመር ያስቀምጠዋል።

ዩኒቨርሲቲ እንደ እንግዳ ነው። እንግዳ ምጣዱ ፈቃድ አለው ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ እንጀራው ዓይን አለው ወይ ብሎ ያያል። ዓይኑ ትራንስክሪፕቱ፣ ልጁ ሃይስኩል የተማራቸው ትምህርቶችና ውጤታቸው የተዘረዘረበት ወረቀት፣ ነው። አብሲት ያልተጣለበት ሊጥ ደግሞ ዓይን አያወጣም፤ አብሲቱ የሚጣለው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። አንዲት እናት ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲገባ ሁለት ካርቶን ሙሉ ደብተር ይዛልኝ መጣች። የባዮሎጂው ደብተር ውስጥ በእርሳስ የተሣሉ የአበባ ክፍሎች አሉ፣ እያንዳንዱ በጥንቃቄ ስም ተጽፎበት። ልጁ በደንብ መማሩ ያስታውቃል። ቀን ግን የለውም፣ የመጽሐፉ ርዕስ የለም፣ ውጤትም አልተመዘገበም። የሦስት ዓመት ሥራ ከትዝታ ለመመለስ ሳምንታት ፈጀብን።

መዝገቡ ከባድ አይደለም፦ የትምህርቱ ስም፣ የተማረበት መጽሐፍ፣ ዓመቱ፣ ውጤቱ፣ ክሬዲቱ። አንድ ክሬዲት በልማድ ወደ 120 ሰዓት ገደማ ነው፤ መጽሐፉን በአግባቡ መጨረስም ይቆጠራል። «ኤፒ» (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ የሃይስኩል ትምህርት) የሚለውን ስም ግን የኤፒን ፈተና የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ኮሌጅ ቦርድ፣ የትምህርቱን ዝርዝር ሳያጸድቅ ትራንስክሪፕት ላይ አትጻፉ፤ ፈተናውን መውሰድ ግን ይቻላል። ልጁ አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይመለስ ካላችሁ፣ የቤቱን ክሬዲት የመቀበል ውሳኔ የትምህርት ቤቱ ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኮሌጅ ስፖርት የሚያስብ ከሆነ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ በዲቪዚዮን (በምድብ) አንድና ሁለት የሚፈልጋቸውን 16 ዋና ትምህርቶች ከዘጠነኛ ጀምራችሁ አስቡባቸው። የእናት ምስክርነት ብቻውን አይበቃም ብላችሁ ከሰጋችሁ፣ እንደ ኖቫ (ቨርጂኒያ) ወይም ሞንትጎመሪ ኮሌጅ (ሜሪላንድ) ያለ የአካባቢ ኮሌጅ ገብቶ ጥቂት ኮርሶች ይውሰድ፤ ያ ውጤት የሌላ ሰው ምስክር ነው።

ስለ ራሴ ሥራም ልናገር፣ እሱንም ሰው ያምታታዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ ኦገስት 15 ለካውንቲው ታሳውቃላችሁ፤ በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን በፈተና ውጤት ወይም እንደ እኔ ባለ ገምጋሚ ደብዳቤ ታሳያላችሁ። የእኔ ደብዳቤ «ልጁ በቂ እድገት አሳይቷል» ይላል፤ ከዚያ አያልፍም። ዲፕሎማ አይደለም፣ ትራንስክሪፕቱንም አያጸድቅም። ሜሪላንድ ሕጉ ሌላ ነው፦ ከመጀመራችሁ 15 ቀን በፊት ታሳውቃላችሁ፣ ከዚያ ካውንቲው የልጁን የሥራ ማኅደር ያያል፤ ወይም በካውንቲው ፈንታ የቤት ተማሪዎችን በሚከታተል፣ «ጃንጥላ» በሚባል ትምህርት ቤት ሥር ትሆናላችሁ። የጎረቤትን ሕግ ለራስ አታድርጉ።

የካርቶኗ እናት መጨረሻ ላይ ትራንስክሪፕቱን ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ «ርዕሰ መምህር» የሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶዋን አቆመች። «እዚህ ማንን ልጻፍ?» አለችኝ። «ራስሽን» አልኳት። ስሟን ቀስ ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ቀን አደረገችበት። ከዚያ ተነሥታ የትንሿን ልጇን አዲስ ፋይል አመጣች፤ ዘጠነኛ ክፍል የገባችው በዚያው ሳምንት ነበር።